የመርሳት በሽታ ከእርጅና የተለየበት ታሪክ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



አንድ የዕድሜ ባለጸጋ የልጃቸውን ስም በወንድማቸው ስም ሲለውጡ፣ ቅድም የጠየቁትን መልሰው ሲጠይቁ፣ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ወደ ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ፣ ዘመድ ሁሉ በአንድ ቃል ተስማምቶ «ጃጅተዋል» ይላል። ጎረቤትም «ዕድሜ ነው» ብሎ ያጸናዋል። ከዚህ በኋላ ጉዳዩ እንደ ተዘጋ መዝገብ ይቆጠራል፤ ሐኪም አይጠየቅም፤ የሚያስታምማቸውንም ሰው እንዴት እንደ ዋለ የሚጠይቀው የለም። ይህ ፍርድ በእኛ አገር ብቻ የተሰጠ አይደለም። በአውሮጳና በአሜሪካም ሊቃውንቱ ራሳቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ይፈርዱ ነበር። በዛሬው ንግግሬ ለማስረዳት የምሞክረው ይህ ፍርድ በማንና እንዴት እንደ ተሻረ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ነው። ጊዜው 1901 ዓ.ም. ሲሆን፣ የጅቡቲ ምድር ባቡር ገና ድሬዳዋ ያልደረሰበት ዘመን ነበር። በዚያች ከተማ ካርል ዴተር የሚባል የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይኖር ነበር። ሚስቱ ወይዘሮ አውጉስተ 51 ዓመቷ ነው። ይህች ሴት በመጀመሪያ ያለ ምክንያት በባሏ ላይ ትቀና ጀመር። ቀጥሎም የወጥ ቤቱ ሥራ ይጠፋባት፣ ዕቃ ደብቃ የደበቀችበትን ትረሳ፣ ያለ ዕረፍት ከክፍል ወደ ክፍል ትመላለስ ጀመር። ባልየው የሚችለውን ያህል ከታገሠ በኋላ በኖቬምበር 25 ቀን ወደ ከተማው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ወሰዳት። ሕንጻው ግርማ ያለው ስለ ነበረ ሕዝቡ «የዕብዶች ቤተ መንግሥት» እያለ ይጠራው ነበር፤ ነገር ግን ከስሙ ግብሩ ይሻል ነበር። የሆስፒታሉ ኃላፊ ኤሚል ሲዮሊና ረዳቱ ዶክተር አሎይስ አልዛይመር በሽተኛን አስሮ ማኖርን የሚቃወሙ ሰዎች ነበሩና።

ዶክተር አልዛይመር ያን ጊዜ የ37 ዓመት ሰው ነው። ወይዘሮ አውጉስተ በገባች ማግሥት አጠገቧ ተቀምጦ ይጠይቃት ጀመር፤ የጠየቀውንና የመለሰችውንም ቃል በቃል ጻፈው። ስምዎ ማነው ቢላት «አውጉስተ» አለችው። የአባትዎስ ቢላት አሁንም «አውጉስተ»። የባለቤትዎ ስምስ ማን ይባላል ሲላት ጥቂት አስባ «አውጉስተ ይመስለኛል» አለች። ምሳዋን ስትበላ የቀረበላት አበባ ጎመንና የአሳማ ሥጋ ነበር፤ ምን እየበሉ ነው ብሎ ቢጠይቃት ስፒናች የሚባለውን ቅጠል ጠራችለት። ስሟን እንድትጽፍ ብርዕ ቢሰጣት «ወይዘሮ» የሚለውን ብቻ ጽፋ የቀረው ጠፋባት። በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ «ራሴን አጣሁት» ያለችው። ይህን ቃል ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ስናነበው፣ ሴትዮዋ የሚሆንባትን ሁሉ ታውቀው እንደ ነበር እንረዳለን። ብዙ ሰው እንደሚያስበው የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ምንም የማይሰማው ግዑዝ አይደለም።

ዶክተሩ በ1903 ዓ.ም. ሥራውን ለውጦ በሃይድልበርግ በኩል ወደ ሙኒክ ሄደ፤ ነገር ግን የበሽተኛዋን ሁኔታ ከመከታተል አልቦዘነም። ባልየው ግን ለሆስፒታሉ የሚከፈለው ገንዘብ ከብዶት ነበር። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ወይዘሮ አውጉስተም በመጨረሻው ጊዜ ከአልጋ ሳትነሣ፣ ጉልበቷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ከማንም ጋር ሳትነጋገር ቆይታ፣ በኤፕሪል 8 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፈች። በመዝገቡ የተጻፈው የሞቷ ምክንያት ግን መርሳት አይደለም። ብዙ ከመተኛት የተነሣ ገላዋ ቆስሎ፣ ቁስሉ አመርቅዞ፣ መርዙ በደሟ ውስጥ ተሰራጭቶ ነው። ዛሬ ማንኛውም ነርስ እንደሚያውቀው፣ ከአልጋ የማይነሣን በሽተኛ በየጥቂት ሰዓቱ እያገላበጡ፣ ገላውንና አንሶላውን ደረቅ አድርገው ቢይዙ፣ እንዲህ ያለው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አይደርስም። ስለዚህ የዚህ በሽታ ታሪክ ሲነገር ከዶክተሩ ማጉያ መነጽር ጎን ለጎን ይህም ቁስል መታወስ አለበት እላለሁ።

አንጎሏ ወደ ሙኒክ ተላከ። ዶክተር አልዛይመር በዚያ ዘመን አዲስ የነበረውን በብር ውሕድ የማቅለም ዘዴ ተጠቅሞ ሲመረምረው፣ ከዚያ በፊት በአንድነት ተገልጸው የማያውቁ ምልክቶች አገኘ። አንጎሉ ኮስምኗል፤ ከሕዋሳቱ ውጭ ደለል የመሰለ ነገር ተጋግሯል፤ በሕዋሳቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ተተበተበ ክር ያለ ነገር ይታያል። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ቱቢንገን ከተማ ለተሰበሰቡት የአእምሮ ሐኪሞች ይህን ገለጸ። ከተሰብሳቢው አንድም ጥያቄ ያቀረበ ሰው አልነበረም! ንግግሩ በሚከተለው ዓመት ታተመ፤ በ1910 ዓ.ም. የሙኒኩ ታላቅ ሊቅ ኤሚል ክሬፔሊን በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ በሽታውን «የአልዛይመር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ዶክተሩ ራሱ ብዙ አልኖረም፤ በ1915 ዓ.ም. በ51 ዓመቱ፣ ማለትም ወይዘሮ አውጉስተ ሆስፒታል በገባችበት ዕድሜ፣ ሞተ።

ከዚህ ላይ አንድ እንቅፋት ተፈጠረ። ወይዘሮ አውጉስተ ገና አላረጀችም ነበርና አዲሱ ስም የተሰጠው በጎልማሳነት ዕድሜ ለሚደርሰው መርሳት ብቻ ሆነ። በ75 ወይም በ80 ዓመታቸው ያው ምልክት የሚታይባቸው ሽማግሎችና ባልቴቶች ግን እንደ ቀድሞው «ያረጁ» ተብለው ቀሩ። እንግዲህ በሽታው ብርቅ፣ እርጅናው የተለመደ ሆነ ማለት ነው። ብርቅ ለሆነ ነገር ደግሞ መንግሥት በጀት አይመድብም፤ የተለመደውንም ለመመርመር የሚተጋ ሰው የለም። ስልሳ ዓመት ገደማ እንዲሁ አለፈ።

ይህን ያፈረሱት በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ የነበሩት ብሌስድ፣ ቶምሊንሰንና ሮት የተባሉ ሦስት ሐኪሞች ናቸው። ሥራቸው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። ሽማግሎቹ በሕይወት ሳሉ የማስታወስ ችሎታቸውን በጥያቄ ለክተው በቁጥር ይመዘግባሉ፤ ሲሞቱ ደግሞ አንጎላቸውን መርምረው አልዛይመር ያየውን ደለል ይቈጥራሉ። በ1968 ዓ.ም. ሁለቱን ቍጥሮች አስተያይተው ሲያወጡ፣ ደለሉ በበዛበት አንጎል የማስታወስ ችሎታው አንሶ ተገኘ። በ1976 ዓ.ም. አሜሪካዊው ሐኪም ሮበርት ካትዝማን በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ በጎልማሳና በሽማግሌ መካከል የተሠመረው ድንበር መሠረት የሌለው መሆኑን አስታወቀ፤ በሽታው አንድ ነው፤ ሁለቱን አንድ አድርገን ብንቈጥር ደግሞ ብዙ ሰው ከሚገድሉት በሽታዎች መካከል ይመደባል አለ። ከዚህ ወዲህ ነው ማኅበሮች የተቋቋሙት፣ ለምርምርም ገንዘብ የተገኘው። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ሴፕቴምበር 21 ቀን የአልዛይመር መታሰቢያ ቀን ሆኗል፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 11 ቀን መሆኑ ነው።

በመሥሪያ ቤት ለምንውል ሰዎች ደስ የሚል አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የወይዘሮ አውጉስተ መዝገብ ለብዙ ዘመን የገባበት ጠፍቶ ነበር። አንዳንድ ሊቃውንትም ሴትዮዋ በእርግጥ ይህ በሽታ ነበረባትን እያሉ ይጠራጠሩ ነበር። በ1995 ዓ.ም. ኮንራድ ማውረር የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የፍራንክፈርቱን ሆስፒታል መዝገብ ቤት ሲበረብር ፋይሉ ተገኘ፤ የዶክተሩ የእጅ ጽሑፍ፣ የበሽተኛዋ ፎቶግራፍ፣ ስሟን ልትጽፍ የሞከረችበትም ወረቀት ሳይቀር ሁሉም በውስጡ ነበሩ። ጥቂት ቆይቶም የአንጎሏ ናሙና ያለባቸው መስተዋቶች ሙኒክ ውስጥ ተገኝተው እንደ ገና ቢመረመሩ ደለሉም የተተበተበውም ክር ታየ። ስማቸው የማይታወቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች በሁለት የዓለም ጦርነቶች መካከል ያን ፋይል ሳይጥሉት በማቆየታቸው የሳይንስ ክርክር ተዘጋ።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። የጃፓን ሕዝብ በዕድሜ ርዝመት ከዓለም ቀዳሚዎቹ አንዱ ስለ ሆነ በሽታው በሰፊው ይታወቃል። ጃፓኖች ቀድሞ በሽታውን የሚጠሩበት ቃል ቂልነትና ጅልነት የሚል ትርጕም ነበረው። ቤተሰብ በቃሉ አፍሮ ሕመምተኛውን ይደብቅ ነበር። መንግሥቱ በ2004 ዓ.ም. ቃሉን ሽሮ «የማወቅ ችሎታ ሕመም» የሚል ትርጕም ያለውን አዲስ ስም አወጀ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የባንክ ሠራተኛው፣ ባለሱቁ፣ ፖሊሱ፣ ተማሪው ሳይቀር አጭር ትምህርት ወስዶ የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው በአግባቡ እንዲረዳ የሚያደርግ ዘመቻ ተጀመረ፤ እስካሁን ከ10 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ተምሯል። ስም ለውጦ በሽታ አይድንም፤ ሆኖም ያልታፈረበት በሽታ ወደ ሐኪም ይሄዳል። «ጃጅተዋል» የሚለውን ቃላችንን ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል።

ወደ ሐኪም መሄዱ ደግሞ ከንቱ አይደለም። እንደ መርሳት በሽታ ሆነው የሚታዩ፣ ነገር ግን የሚድኑ ወይም የሚሻሉ ሕመሞች አሉ። የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ ቢ 12 የሚባለው ቪታሚን ማነስ፣ የሚወሰደው መድኃኒት አለመስማማት፣ ከባድ ሐዘንና የመንፈስ ጭንቀት ከነዚህ መካከል ናቸው። በተለይ በጥቂት ቀን ውስጥ በድንገት የሚመጣ መቀባዠር አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ወይም የሳንባ ልክፍትን የመሰለ ሌላ ሕመም ምልክት ነውና ለነገ የሚባል አይደለም።

ስለ አስታማሚነትም ሐሳቡ የተለወጠው በቅርብ ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው ቶም ኪትውድ በ1997 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ፣ በሽተኛውን የሚጎዳው የአንጎሉ ጉዳት ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሰው አያያዝ ጭምር መሆኑን አስረዳ፤ ሰውየው ባለበት ስለ እሱ እንደሌለ ሆኖ መነጋገር፣ ማቻኮል፣ እንደ ሕፃን ማባበል፣ መሳቅ ሁሉ ይጎዳዋል። በሆላንድ አገር ቬስፕ በምትባለው ከተማ በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው ሆግቬይክ የተባለ መኖሪያ፣ ሱቅና አደባባይ ያለው ትንሽ መንደር ሆኖ ተሠርቷል። በዚያ በሽተኞቹ ገበያ ወጥተው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ይህ ብዙ ሀብት የሚጠይቅ ነው። ለእኛ የሚቀርበው አያያዙ ነው። አንዲት እማማ ከሃያ ዓመት በፊት የሞተችውን እናታቸውን «የት ሄደች?» ቢሉ፣ «ሞታለች እኮ፣ ረስተውት ነው?» ማለት መርዶውን በየቀኑ አዲስ ማድረግ ነው። ከዚህ ይልቅ «እናትዎ ናፍቀውዎታል? እስኪ ስለሳቸው ያጫውቱኝ» ቢሏቸው ልባቸው ያርፋል። መከራከር ለማንም አይጠቅም።

አስታማሚውን በሚመለከት በበኩሌ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ሥራ ነው። ሜሪ ሚተልማን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በሽተኛ ባል ወይም ሚስት በቤታቸው የሚያስታምሙ 406 ሰዎችን በሁለት ከፈሏቸው። ግማሾቹ የተለመደውን እርዳታ አገኙ። ለቀሩት ግን አስታማሚው ለብቻው፣ ከዚያም ከቤተ ዘመዱ ጋር በአንድነት የሚመካከርበት ስብሰባ ተደረገላቸው፤ በየሳምንቱ ከመሰሎቻቸው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ተሰጣቸው፤ በቸገራቸውም ጊዜ ስልክ የሚደውሉለት አማካሪ አገኙ። መድኃኒት የለበትም። በ2006 ዓ.ም. በወጣው ውጤት እነዚህኞቹ በሽተኛቸውን ከሌሎቹ ይልቅ 557 ቀን ያህል አስበልጠው በቤታቸው ለማቆየት ቻሉ፤ ይህ ዓመት ተመንፈቅ መሆኑ ነው። የቤተ ዘመድ ጉባኤ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ለርስትና ለጋብቻ እንሰበሰብበታለን። ያንኑ ጉባኤ እናቱን ለብቻዋ ስለምታስታምም አንዲት እኅት ብንጠራው፣ ማን ቅዳሜ እንደሚተካት፣ ማን ለመድኃኒቱ እንደሚከፍል በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቈረጣል። የአስታማሚው ጉልበት ሲያልቅ የታማሚው ጤና አብሮ ያልቃል።

ወደ መከላከሉ ስንሻገር ታሪኩ ወደ ፊንላንድ ይወስደናል። በ1972 ዓ.ም. በሰሜን ካሬልያ አውራጃ የልብ በሽታ ሰውን በጎልማሳነቱ ስለ ፈጀ፣ መንግሥቱ የሕዝቡን የደም ግፊትና የደም ስብ ለክቶ መዝግቦ ነበር። ያን ጊዜ ስለ መርሳት ያሰበ ሰው አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሚያ ኪቪፔልቶ የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ በእነዚያ ዓመታት ከተለኩት ሰዎች መካከል ብዙዎቹን በ1998 ዓ.ም. ፈልገው እንደ ገና መረመሯቸው። በጎልማሳነታቸው የደም ግፊታቸውና የደም ስባቸው ከፍ ያለ የነበሩት፣ በእርጅናቸው የአልዛይመር በሽታ በብዛት ደርሶባቸው ተገኘ። እነሆ በሰባ ዓመት የሚታየው መርሳት በአርባና በሃምሳ ዓመት ይዘራ ነበር! ከዚያ በኋላ 1,260 የሚሆኑ ከ60 እስከ 77 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ለሁለት መድበው፣ አንደኛውን ወገን ሁለት ዓመት ሙሉ አመጋገቡን እንዲያስተካክል፣ ሰውነቱን እንዲያሠለጥን፣ አእምሮውን እንዲያለማምድ፣ የደም ግፊቱም እንዲጠበቅ አደረጉት። በ2015 ዓ.ም. በታተመው ውጤት ይህ ወገን በአእምሮ ፈተና ያሳየው መሻሻል ምክር ብቻ ከተሰጠው ወገን በ25 በመቶ በለጠ።

በዓለም ላይ በ2021 ዓ.ም. 57 ሚሊዮን ሰው የመርሳት በሽታ እንደ ነበረበት የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል፤ ከነዚህም ከ100 ከ60 በላይ የሚሆኑት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑት አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተቋቋመው የሊቃውንት ጉባኤ በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ የሚሆነው ሊከለከል ወይም ሊዘገይ የሚችል ነው ብሎ ምክንያቶቹን 14 አድርጎ ቈጥሯል። የደም ግፊት፣ ስኳር በሽታ፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ በጭንቅላት ላይ የሚደርስ አደጋ፣ ብቸኝነት፣ በልጅነት ትምህርት ማጣት በውስጡ አሉበት። ከጠዋት እስከ ማታ በወንበር ላይ የሚውል ሰው እንቅስቃሴ ማጣት የሚለውን ሲያነብ ማን እንደ ተጠራ ያውቃል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ግን የመስማትና የማየት ችሎታ መድከም ነው። ጆሮው የከበደ ሰው ጨዋታ ያመልጠዋል፤ ጨዋታ ያመለጠው ዝም ይላል፤ ዝም ያለው ከሰው ይለያል፤ አንጎሉም ሥራ ይፈታል። ቡና ላይ ተሰብስበን ስንጫወት ጥግ ይዘው ዝም ያሉትን አባት «ደከሙ» ከማለት በፊት ጆሯቸውን ማስመርመር ይገባል።

ከ100 እጅ 55 የሚሆነው ግን ገና በእጃችን አልገባም። በጥንቃቄ የኖረ ሰውም ይታመማል፤ ስለዚህ በሽተኛውን ወይም ቤተሰቡን «ራሳችሁ ያመጣችሁት ነው» ብሎ መውቀስ ነውር ነው። መድኃኒትም ቢሆን፣ በ2023 እና በ2024 ዓ.ም. በአሜሪካ የተፈቀዱት ሌካኔማብና ዶናኔማብ ደለሉን ከአንጎል ይጠርጋሉ፤ በሽታው ገና በተጀመረበት ሰው ላይ ጉዞውን ጥቂት ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም፤ ዋጋቸው እጅግ ከባድ ነው፤ በአንጎል ውስጥ እብጠትና መድማትም ሊያስከትሉ ስለሚችሉ ብርቱ ቁጥጥር ይፈልጋሉ።

ለዚህ ነው በ2025 ዓ.ም. ከቻይና ገጠር የተሰማው ወሬ ከአዲሶቹ መድኃኒቶች ይልቅ ጆሮዬን የሳበው። በ326 መንደሮች የሚኖሩ፣ 40 ዓመት የሞላቸውና የደም ግፊት ያለባቸው ወደ 34,000 የሚጠጉ ሰዎች ተመረጡ። በግማሾቹ መንደሮች የተለመደው ሕክምና ቀጠለ። በቀሩት መንደሮች ግን የሰዉ ግፊት ከ130 በታች እንዲወርድ፣ ሕክምናውን እንዲመራ የተደረገው የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ነው። ይህም ከፍተኛ ትምህርት የሌለው፣ ከበላዩ ባሉ ሐኪሞች የሚታገዝ፣ የጎረቤቶቹን ቤት በስም የሚያውቅ ሰው ነው። በእጁ የነበረው የግፊት መለኪያ፣ በዋጋ ረከስ ያሉ የታወቁ የግፊት ኪኒኖችና ጨው ቀንሱ፣ መጠጥ ቀንሱ፣ ኪኒኑን አታቋርጡ የሚል ምክር ነበር። ሰዎቹም በየቤታቸው ግፊታቸውን እንዲለኩ ተደረገ። ከአራት ዓመት በኋላ ሲቈጠር፣ በእነዚህ መንደሮች በመርሳት በሽታ የተያዘው ሰው ከሌሎቹ መንደሮች በ15 በመቶ አነሰ።